ከመቶ ስንቱ ድሃ ነው?

(ሱወይዲ፣ በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር። ሥራ ይዟችሁ ለቀራችሁ እህቶችና ወንድሞች እንዲደርስ እንደተነገረው ታትሟል።)

ፈቃድ ለምናችሁ፣ የታክሲ ከፍላችሁ፣ እንቅልፋችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ባለፈው ስብሰባ ሻይ ላይ የተነሳውን ጭቅጭቅ ታስታውሳላችሁ። አንዱ ወንድማችን ስልኩን አውጥቶ «የዓለም ባንክ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 43 በመቶው ድሃ ነው አለ» ሲል ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «አገራችንን ለማዋረድ ነው፣ ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲዘረጋ አናይም ወይ» አለ። ግማሹ ደግሞ «43 ብቻ? የቀረው የት አለ? እኔ የማውቀው ሰው ሁሉ ድሃ ነው» አለ። እኔ መሃል ገብቼ «ቆይ፣ መጀመሪያ ምኑን ነው የቆጠሩት?» ብዬ ስለጠየቅሁ «እንግዲያው አንቺው አጥንተሽ ንገሪን» ተባልኩ። ይኸው ቆሜያለሁ።

እኔ የተማርኩት እስከ አስረኛ ክፍል ነው። የኢኮኖሚ ሰው አይደለሁም። ግን የሰው ቤት አስቤዛ ስገዛና ስመዘግብ ነው የምውለው። ይኼም የአገር አስቤዛ ነው ብዬ ገባሁበት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ስንት ሰው ድሃ ነበር ብትሉ ሦስት መልስ ታገኛላችሁ። መንግሥት 23.5 በመቶ ይላል። የዓለም ባንክ 33 በመቶ ይላል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከተባበሩት መንግሥታት ጋር የሚያወጡት ደግሞ 83.5 በመቶ ይላል። ያው አገር፣ ያው ሕዝብ፣ ያው ዘመን። ከመቶ 23 እና ከመቶ 83! ታዲያ ማን ዋሸ?

እኔም ሳነበው እንደናንተ ነበር ያልኩት። ቀስ ብዬ ሳየው ግን ሦስቱም የቆጠሩት የተለያየ ነገር ነው።

የመንግሥቱን እንይ። መጀመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ፣ ማለት በሕይወት ቆይቶ የሚሠራበትን ምግብ፣ ለመብላት ስንት ብር ያስፈልገዋል ብለው ያሰላሉ። ከዚያ ላይ ለልብስ፣ ለቤት፣ ለሳሙና፣ ለሌላው ይጨምራሉ። በ2008 ይኼ ሁሉ ተደምሮ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ሆነ። ከዚያ ውስጥ የምግቡ 3,772 ብር ነው። አካፍላችሁ እዩት፦ በወር 600 ብር አይሞላም። በቀን 20 ብር አይሞላም። የምግቡ ብቻውን በቀን ከ10 ብር ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚህ በታች የሚያወጣ ድሃ ተባለ፤ ከዚህ በላይ ያለው፣ አምስት ሳንቲም ብቻ ቢበልጥም፣ ድሃ አልተባለም።

የዓለም ባንክ ደግሞ ለዓለም ሁሉ አንድ መስመር ያሰምራል። መስመሩ ዱሮ በቀን 1.25 ዶላር ነበር፣ ቀጥሎ 1.90፣ ቀጥሎ 2.15 ሆነ፣ በ2017 ዓ.ም. 3 ዶላር አደረጉት። ይኼ ዶላር ግን ሐዋላ ቤት የምንመነዝረው አይደለም። አሜሪካን አገር በ3 ዶላር የሚገዛውን ያህል ዕቃ አገራችን ለመግዛት የሚበቃ ብር ማለት ነው። መስመሩ ከፍ ሲል የድሃው ቁጥር ባንድ ሌሊት ይጨምራል፤ ማንም ግን በዚያ ሌሊት እራቱን አልተነጠቀም።

የኦክስፎርዱ ገንዘብ አይጠይቅም። አሥር ነገር ነው የሚጠይቅ። ልጅ ሞቶባችኋል ወይ? በቤቱ በምግብ እጥረት የተጎዳ አለ ወይ? ስድስት ዓመት የተማረ ሰው አለ ወይ? ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ ወይ? የምታበስሉት በምንድነው? ሽንት ቤት፣ ንጹሕ ውሃ፣ መብራት አለ ወይ? ቤቱ፣ ወለሉ ከምንድነው? ሬዲዮ፣ ስልክ፣ ፍሪጅ የመሳሰለ ዕቃስ? ጤናና ትምህርት ሚዛናቸው ይከብዳል፤ ከጠቅላላው ሚዛን ሲሶው የጎደለበት ቤት ድሃ ይባላል። እስቲ ያደጋችሁበትን ቤት አስቡ። በኩበትና በእንጨት ነው የተበሰለው፣ ወለሉ አፈር ነው፣ መብራት የለም፣ ውሃ ከምንጭ ነው፣ እናት አልተማረችም። ጎተራው የሞላ ገበሬ ጭምር በዚህ ሚዛን ድሃ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው 83 የደረሰው። በ2010 እንደ ፈረንጆቹ መጀመሪያ ሲወጣ 90 በመቶ ብሎ ከ104 አገሮች ከኒጀር ቀጥሎ ከመጨረሻ ሁለተኛ አድርጎን ነበር። በኋላ በወጣው ቆጠራ ደግሞ ወደ 68.7 ወርዷል።

እንግዲህ ወንድማችን ያነበበልን 43 ምንድነው? የዓለም ባንክ በራሱ መስመር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 33 የነበረው በ2021 39 ሆኗል፣ በ2025 ደግሞ 43 ይደርሳል ብሎ ገምቶ ነው። ልብ በሉ፣ 43ቱ ግምት ነው፤ ቤት ለቤት ተዞሮ የተቆጠረ አይደለም። ግን ከባዶ ሜዳ የመጣም አይደለም። ኮሮና ነበር፣ ጦርነት ነበር፣ ድርቅ ነበር፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ይኼን እኛም ስልክ ስንደውል ሰምተነዋል።

አሁን ስለ ሰዉ ቁጣ ልናገር። ቁጣው ዛሬ የመጣ አይደለም። መለስ ዜናዊ በሥልጣን መጀመሪያ ዘመናቸው ሕዝቡ በቀን ሦስት ጊዜ ሲበላ ማየት እንደሚመኙ ተናግረው ነበር። ሰዉ ያንን ያዘ። ከዚያ በየዓመቱ «ባለ ሁለት አሃዝ ዕድገት» ሲባል፣ ከውጭ ያሉ ባለሙያዎች እንኳ «ቁጥሩ ከዚህ ዝቅ ይላል» እያሉ ሲከራከሩ፣ ሰዉ ሌማቱን እያየ «የኔ ቤት መቼ ነው የሚያድገው?» ይል ነበር። በመንግሥት ቁጥር በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ ድሃ ነበር፤ በ1992 44.2፤ በ1997 38.7፤ በ2003 29.6፤ በ2008 23.5። ቁልቁል የሚወርድ ደረጃ ነው። ግን ያው 2008 ዝናቡ የቀረበት ዓመት ነው። 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ይፈልጋል ተብሎ በይፋ ተነግሯል። ድርቅ ባለበት ዓመት «ድህነት ቀነሰ» ሲባል ሰው ግራ ቢገባው ይፈረድበታል? በእርዳታ የመጣ ስንዴም ከተበላ በቆጠራው ተበላ ነው የሚባል። ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን በልመና የበላና በጉልበቱ የበላ እኩል ተቀመጡ።

ደግሞ መንገዱ፣ ጤና ኬላው፣ ትምህርት ቤቱ ውሸት ነው አልልም። እናቴ እኛን ስትወልድ ሐኪም አላየችም። የወንድሜ ሚስት በአምቡላንስ ሄዳ ነው የወለደች። ሁለቱን ባንድ ላይ መያዝ ነው የሚያስቸግረው፦ የተሻለ ነገር አለ፣ ያልተሻለም አለ።

እስካሁን ያልኩት ስለ አገር ነው። አሁን ስለኛ።

ቆጣሪው እኛ ቤት ሲመጣ «በዚህ ቤት ማን ይኖራል?» ይላል። እኛ የለንም። አንቆጠርም። ቀጥሎ «ምን በላችሁ፣ ስንት አወጣችሁ?» ሲል ግን እኛ አለን። ዘይቱ የኛ ነው፣ ጤፉ የኛ ነው፣ የትምህርት ቤት ክፍያው የኛ ነው። ያ ቤት ከድህነት መስመር በላይ የወጣው እኛ ሰው ቤት ወለል ስለምንወለውል ነው። ቤቱ ተሻሻለ ተብሎ ይጻፋል። ልጅቷ በስንት ሰዓት እንደምትተኛ የሚጻፍበት ቦታ ግን የለም።

ብሩም ያታልላል። ዶላር 57 ብር አካባቢ ሳለ 1,000 ሪያል በባንክ 15,200 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቆ ዶላሩ 100 ብር ሲያልፍ ያው 1,000 ሪያል ከ26,600 ብር በላይ ሆነ። ወረቀት ላይ ቤተሰባችን በለጸገ። እኛ አንድ ሪያል አልጨመርንም። ስንደውል ደግሞ «ልጄ፣ ዘይቱም ጨመረ» ነው የሚሉን።

አንድ የራሴን ላንሳ፣ ለጉዳዩ ስለሚያስፈልግ ነው። ወሎ ያለችው እናቴ ሴፍቲኔት ውስጥ ነበረች። አንድ ዓመት ስም ዝርዝሩ ሲታደስ «ልጇ አረብ አገር ናት» ተብላ ወጣች። በዚያን ጊዜ እኔ ሰባት ወር ሙሉ ደመወዝ አልተከፈለኝም ነበር። ወደ ቤት የላክሁት አንድ ብር አልነበረም። ለእናቴም አልነገርኳት፣ እንዳትጨነቅ ብዬ። እሷም ለኮሚቴው «ትልክልኛለች» አለች፣ ልጇን ላለማሳፈር። እንግዲህ ኮሚቴውን ብቻ እንዴት እወቅሳለሁ? እኔ ደበቅሁ፣ እናቴ ደበቀች፣ እነሱም አልጠየቁም። ቅሬታ የሚሰማ ኮሚቴ እንዳለ አንድ የሰፈር አስተማሪ ነግሯት፣ ጎረቤት መስክሮላት፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመለሰች። በመሃል ያለችው አንዲት ላም ግን ተሸጠች።

ለምን ይኼን አነሳሁ? ባለፈው ዓመት እኛም እዚህ ቤት ያንኑ አድርገናል። አንዲት እህት ከአሰሪዋ ቤት ወጥታ፣ ታማ፣ ከሳጥናችን እርዳታ ስትጠይቅ «ስልኳን አየሽው? እሷ ትቸገራለች?» ብለን መለስናት። እጄን ካወጡት አንዷ እኔ ነበርኩ። ስልኩ ከሁለት ዓመት በፊት በደህናው ጊዜ የገዛችው ነበር። እንዳትሸጠው ደግሞ ከልጇ ጋር የምትገናኘው በሱ ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኼ ነው። መንግሥትን «ተሳስታችሁ ቆጠራችሁ» እያልን እየተሳደብን፣ እኛ አርባ ሰው እንኳ ቆጥረን አላወቅንም።

ስለዚህ ዛሬ ድምፅ እንድትሰጡበት የማቀርበው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከሳጥኑ ለሚረዳ ሰው የምንጠይቀው ጥያቄ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ለሁሉም አንድ ይሁን። ስንት ወር አልተከፈለሽም? የምታድሪው የት ነው? ኢቃማሽ ታድሷል? ታመሻል? ዕዳ አለብሽ? አገር ቤት ባንቺ እጅ የሚበላ ስንት ሰው አለ? ልብስና ስልክ አይጠየቅም።

ሁለተኛ፣ የተቸገሩ ስም ዝርዝር በየሦስት ወሩ ይታደስ። የሰው ኑሮ ባንድ ወር ይገለበጣል። የዛሬ ዓመት የተጻፈ ወረቀት የዛሬን ረሃብ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ «አይገባሽም» የተባለ ሰው የሚያቀርብበት፣ ከመጀመሪያው ኮሚቴ የተለዩ ሦስት ሰዎች ይመረጡ። የሰሙት ሚስጥር እዚያው ይቅር። ሰው የሚደብቀው አፍሮ ነው፤ ካላፈረ እውነቱን ይናገራል።

አራተኛው በየቤታችን የምንሠራው ነው። ለቤተሰቦቻችን ደውለን እንንገራቸው፦ የስታቲስቲክስ ሰው ሲመጣ ያላቸውን አለ፣ የሌላቸውን የለም ይበሉ። የሚጠይቀው እርዳታ የሚሰጠው አይደለም፣ ግብርም የሚያስከፍል አይደለም። ኩራት ብለን ጨምረን፣ ወይ እርዳታ ይመጣል ብለን ቀንሰን ከነገርነው፣ በኋላ «ቁጥሩ ውሸት ነው» ለማለት አፍ የለንም። እኛም ያልተከፈለን ጊዜ አልተከፈለኝም እንበላቸው። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ላም ከመሸጥ ይሻላል።

ቁጥር ስትሰሙም ከመጣላታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ማን ቆጠረ? መቼ? መስመሩ በምን ተሰመረ? ተቆጥሮ ነው ወይስ ተገምቶ? ማንስ ሳይቆጠር ቀረ? እነዚህን ጠይቃችሁ መልስ ካጣችሁ፣ ያኔ ብትቆጡ አልፈርድባችሁም።

ለወንድማችንም መልሴ ይኼው ነው። 43 ይሁን 23 እኔ ልፈርድ አልችልም። የማውቀው ከመቶው ውስጥ አንዷ እናቴ እንደነበረች ነው፤ አንድ ዓመት ገብታለች፣ አንድ ዓመት ወጥታለች፣ ኑሮዋ ግን ያው ነበር። እዚህ ቤት ያለነው አርባ ነን። አርባ ሰው በስም መቁጠር ይቻላል። ያቺን የመለስናትን እህት ደግሞ ዛሬ ጠርተናታል፣ ከኋላ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ይቅርታ እንጠይቃት፣ ከዚያ ድምፅ እንስጥ።