ዘሩ አስቀድሞ፣ ገበያው ቀጥሎ
በብርዳማ ደጋ ነጭ ሽንኩርት ስለ ማልማት በምሥረታ በዓሉ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር







እንደሚታወቀው በሰሜን ሸዋ ደጋዎች፣ በደብረ ብርሃን ዙሪያም ሆነ በመንዝ፣ አርሶ አደሩን ከሚፈትኑት ነገሮች አንዱ ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዋናው ዝናብ በሰኔ መጨረሻ ገብቶ በመስከረም ይወጣል፤ በጥቅምት ደግሞ ውርጭ ይጀምራል። በዚህ አጭር ወቅት ባቄላው በአበባ ላይ እያለ፣ ድንቹም እንደለመለመ በአንድ ሌሊት ተቃጥሎ ሊያድር ይችላል።

ነጭ ሽንኩርት ግን ጠባዩ ይለያል። ፍልቃቂው ከመተከሉ በፊት ወይም ከተተከለ በኋላ በቂ ቅዝቃዜ ካላገኘ ቅጠል ያበዛል እንጂ ራሱ በደንብ አይከፋፈልም። ቀላል ውርጭ የቅጠሉን ጫፍ ቢያደርቀውም ተክሉን አይገድለውም። ስለዚህ ደጋው ይስማማዋል። ይሁን እንጂ ብርድ እድገቱን ስለሚያዘገይና ወቅቱም አጭር ስለሆነ በዘርና በጊዜ ላይ የተፈጸመ ስህተት በኋላ በማዳበሪያም ሆነ በኩትኳቶ አይካስም።

በመጀመሪያ ጊዜውን እንመልከት። ሰኔ 20 ቀን የተተከለ ነጭ ሽንኩርት 140 ቀን ቢፈጅበት ኅዳር 5 ቀን ይደርሳል። ሐምሌ 20 ቀን የተተከለው ግን እስከ ታኅሣሥ 5 ቀን ይቆያል። ይህ ራሱን የሚያወፍርበትን ጊዜ በደረቅና በጠንካራ ውርጭ መካከል አሳለፈ ማለት ነው። መሬቱ አስቀድሞ ታርሶና ለስልሶ ዝናቡን ቢጠብቅ የአንድ ወር ልዩነት ይገኛል።

ሁለተኛውና ዋናው ጉዳይ ዘር ነው። በብዙ ቤት የተለመደው ትልልቁ ራስ ለገበያ፣ መካከለኛው ለጓዳ፣ የቀረው ቀጫጫ ለዘር መሆኑ ነው። ትንሽ ፍልቃቂ የያዘው ስንቅ ትንሽ ነው፤ ቡቃያው ይቀጥናል፣ ራሱም ሳይወፍር ውርጭ ይደርስበታል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከዚያው ከትንሹ ተመርጦ ይተከላል። እንዲህ እያለ ምርቱ በየዓመቱ ይቀንሳል፤ ባለቤቱም መሬቱ ደከመ ይላል።

ይህ የሚሆነው በእውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር የማዳበሪያ ዕዳ፣ ግብርና የሠርግ ወጪ ተደራርበው ይመጣሉ። አባወራው ትልልቁን ራስ የሚሸጠው ቸግሮት ነው። ሰኔ ሲደርስ ደግሞ ዘሩን በውድ ዋጋ፣ ከየት እንደመጣ ከማያውቀው ነጋዴ ይገዛል።

ትልቁ አደጋ የሚገባው በዚህ በር ነው። ነጭ አበስብስ የተባለው በሽታ በዘርና በአፈር ይተላለፋል፤ ቀዝቃዛና እርጥብ አፈርም ይመቸዋል። ምልክቱ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ መቢጨት ነው። ተክሉ ሲነቀል በቀላሉ ይመጣል፤ በራሱ ግርጌ ነጭ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ፣ በላዩም ከጤፍ ፍሬ ያልበለጡ ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ። እነዚህ ነጠብጣቦች በአፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። በሽታው የገባበት ማሳ ገብስና ባቄላ ያበቅላል፤ ለነጭ ሽንኩርትና ለቀይ ሽንኩርት ግን ዛሬ በእቅፍ ያለው ሕፃን አድጎ ጎጆ እስኪወጣ ድረስ አይታመንም። በአንድ ከረጢት የታመመ ዘር ምክንያት ይህን ያህል ይታጣል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ተግባራት መፈጸም ያስፈልጋል።

ዘር የሚመረጠው ተክሉ ማሳ ላይ እያለ ነው። ጤናማና ጠንካራ የሆኑት ምልክት ተደርጎባቸው ለብቻ ይነቀላሉ። ከቅጠሉ ከግማሽ በላይ ሲቢጭ ተነቅሎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ለሁለት ሳምንት ያህል ደርቆ፣ ተጎንጉኖ በደረቅ ቦታ ይሰቀላል። የሚፈለቀቀው ለመትከል አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

አንድ ፍልቃቂ አንድ ራስ ይሰጣል። ራሱ አሥር ፍልቃቂ ቢኖረውና ግማሹ ብቻ ለዘር ቢመረጥ፣ ከምርቱ ከአምስት አንድ እጅ ያንኑ ማሳ መልሶ ይተክላል። በመስመር መካከል 30፣ በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ሲተከል አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ 83,000 ያህል ፍልቃቂ ይወስዳል። እያንዳንዱ 2.5 ግራም ቢመዝን ሁለት ኩንታል ያህል ነው። ከመሸጥ በፊት የሚቀመጠው ይህ ሁለት ኩንታል ነው።

ፍልቃቂው ሹሉ ወደ ላይ፣ ሥሩ ወደ ታች ሆኖ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይተከላል። ውኃ በሚተኛበት ጥቁር መሬት ላይ ከፍ ያለ መደብና የውኃ መውረጃ ቦይ ግድ ነው። በደንብ የተብላላ ብስባሽ ቀድሞ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል። አረሙም ቶሎ ይታረማል።

የታመመ ተክል የተገኘ እንደሆነ ከነአፈሩ ተቆፍሮ ይቃጠላል እንጂ ወደ ፍግ ጉድጓድ ወይም ወደ ቦይ አይጣልም። ዶማና ጫማም ወደ ሌላ ማሳ ከመሻገራቸው በፊት መታጠብ አለባቸው።

የቀረው በኅብረት የሚሠራ ነው። መሠረታዊ ማኅበራት ነጭ ሽንኩርት ባልተተከለበት ንጹሕ መሬት ላይ የጋራ የዘር ማሳ ቢይዙ፣ እንደ ፀደይና ቢሾፍቱ ነጭ ያሉትን ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎች ከአካባቢው ዘር ጋር በትንሽ ማሳ ቢያወዳድሩ፣ ዩኒየኑም በኅዳር ለዘር የተመረጠውን ተረክቦ ለአባሉ ቅድሚያ ክፍያ ቢሰጥ፣ አባወራው ዕዳውን ለመክፈል ዘሩን አይሸጥም። የወረዳና የቀበሌ አመራሮችም በሰኔ ገበያ የሚገባው ዘር ከየትኛው አካባቢ እንደመጣ እንዲታወቅ ቢያደርጉ በሽታው ወዳልደረሰበት ቀበሌ እንዳይሻገር ይረዳሉ።

ብርዱን ማስቀረት አይቻልም። ዘሩን ማስቀረት ግን በእያንዳንዱ አባል እጅ ነው። በመጪው ኅዳር ጉንጉኑ ተጭኖ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱ ኩንታል ለብቻ ይሰቀል።

መልካም የምርት ዘመን!