መንጠቆ ጣት ሲይዝ



«የሲሪንቃ ልጅ ከዓሣ ጋር ምን አገናኛት?» ትሉ ይሆናል። መርሳን፣ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፈን ሐይቅ ስንደርስ ቆሮሶውም አምባዛውም አለ። ለቆሮሶ ትንሽ መንጠቆና ቀጭን ክር ይበቃል፤ አምባዛ ግን ታች ስለሚውል ጠንካራ ክርና እርሳስ ይፈልጋል። ሲመሽ ደግሞ ይብስበታል።

የእኔ ጉዳይ መንጠቆው ነው። ጫፉ አጠገብ ወደኋላ የዞረች እሾህ አለችው። ዓሣው እንዳያመልጥ የተሠራች ናት፤ የሰው ጣትም አትለቅም። እባካችሁ አትጎትቱት፣ ሥጋ ትቀዳለች! ጤና ጣቢያ ውስጥ አደንዝዘን ጫፉን ወደፊት ገፍተን እናወጣና እሾኋን በፒንሳ ቆርጠን፣ የቀረውን በመጣበት እንመልሰዋለን። ከዚያ በሳሙና መታጠብ ነው፤ የቴታነስ ክትባትም እንዳይረሳ። ዓይን ላይ ከተሰካ ግን ማንም አይንካው፤ ሳትጫኑ ሸፍናችሁ በቀጥታ ወደ ዓይን ሐኪም። ክር ስትወረውሩም ከኋላችሁ ልጅ አለመቆሙን እዩ።