ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የዛሬው ርዕሳችን የልጆች ካርቱን ፊልም ነው። «ኡስታዝ ዛሬ ደግሞ ካርቱን ውስጥ ገባ እንዴ?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ ከካርቱን ይልቅ የሚዛን ጉዳይ ነው።

አብደራፊን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ከሱዳን ድንበር ብዙ የማትርቅ፣ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ የሚመረትባት የቆላ ከተማ ናት። የሰሊጡ አጨዳ በሚደርስበት በመስከረምና በጥቅምት ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ከተማዋን ይሞላታል። በዚያች ከተማ የማውቀው አንድ ሰሊጥ ነጋዴ ወንድማችን አለ። ሲገዛ አይቼዋለሁ። የጆንያው አፍ ላይ ባለው ሰሊጥ አይታለልም። ጆንያውን ከጎኑ በሹል ብረት ይወጋና ከመሃል የወጣውን በመዳፉ ይዞ ያያል፤ እፍ ይልበታል፤ አሸዋና ገለባ ይፈልግበታል። ሲሸጥም እንዲሁ ነው። ከሰሊጡ ጋር ባዕድ ነገር ቀላቅሎ ሲሸጥ ያየው ወይም የሰማበት ሰው የለም።

ከዓመታት በፊት፣ የፊልም ሲዲ በየሱቁ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ ወንድማችን ለሰባት ዓመት ልጁ ቃል ገባለት። ልጁ ጁዝእ ዐማን ሐፍዞ ከጨረሰ፣ ጎረቤት ቤት በጨረፍታ አይቶት የነበረውን፣ መኪኖች የሚነጋገሩበትን ፊልም ሊገዛለት። ልጁ ማሻ አላህ ጨረሰ። አባት ወደ ሌላ ከተማ ለሥራ ሲሄድ አንድ ሱቅ ገባና ጠየቀ። ባለ ሱቁ ፈገግ ያሉ መኪኖች የተሳሉበትን ሲዲ አውጥቶ ሰጠው። አባት ሽፋኑን አየ፤ መኪና ነው፤ ከፈለና ይዞ ተመለሰ።

ማታ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ተሰበሰቡ። ሲዲው ተከፈተ። ሥዕሉ የደበዘዘ፣ መኪኖቹ እንደ ታመመ ሰው የሚንቀሳቀሱ፣ ወሬያቸው የማያልቅ ሌላ ፊልም ነበር። ልጁ ጥቂት አየና ዞር ብሎ «አባዬ፣ ይሄ እኮ እሱ አይደለም» አለ። አባት ደክሞታል፤ መንገድ ውሎበታል። «ያው ነው ልጄ፤ መኪና አይደል? ዝም ብለህ እይ» አለው። ልጁ ዝም አለ።

ከሳምንታት በኋላ አባት ልጁን ወደሚቀጥለው ጁዝእ ሊያበረታታው ፈልጎ «ይህንንም ከጨረስክ አንድ ነገር እሰጥሃለሁ» ቢለው፣ ልጁ «እውነቱን ነው ወይስ ያው ነው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ በተንኮል አልተናገረም፤ መለየት ፈልጎ ነው። ወንድማችን ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ኡስታዝ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን በሰሊጥ አንድ ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም» አለኝ።

ውድ አድማጮች፣ ያ ሲዲ ከየት መጣ? ባለ ሱቁ በስህተት የሰጠው ይመስላችኋል? አይደለም። ለስህተት ታስቦ የተሠራ ዕቃ ነው።

ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ «ካርስ» የተሰኘውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ2006 አወጣ። ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር እንደፈጀ ተነግሯል። በዚያው ዓመት በብራዚል የሚገኝ ቪዲዮ ብሪንኬዶ የተባለ ኩባንያ «ዘ ሊትል ካርስ» ማለትም «ትንንሾቹ መኪኖች» የሚል ፊልም በሲዲ አወጣ። በ2007 ስለ አይጥ ወጥ ሠሪ የሚተርከው «ራታቱይ» ሲወጣ ይኸው ኩባንያ «ራታቶይንግ»ን አወጣ። በ2008 «ኩንግ ፉ ፓንዳ» ሲወጣ «ዘ ሊትል ፓንዳ ፋይተር» ተከተለው። የአሠራሩ ዘዴ ግልጽ ነው። ትልቁ ስቱዲዮ ለማስታወቂያ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የልጁን ልብ ያዘጋጃል። አስመሳዩ ለማስታወቂያ አምስት ሳንቲም አያወጣም። ጥቂት ባለሙያዎች ይዞ በአጭር ጊዜ አጭር ፊልም ይሠራል፤ ሲኒማ ቤት ሳያስገባ በቀጥታ ለሱቅ ያቀርባል፤ ስሙንና ሽፋኑን ያቀራርባል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የሚገዛውና የሚያየው ሰው የተለያዩ መሆናቸውን። የሚያየው ልጁ ልዩነቱን ወዲያው ያውቃል፤ ግን ገንዘብ የለውም። ገንዘብ ያለው አባት፣ እናት ወይም አያት ደግሞ ልዩነቱን አያውቅም። ሲታወቅ ሲዲው ተከፍቷል፤ ማን ይመልስለታል?

የሚገርመው «ራታቶይንግ» በተባለው ፊልም ውስጥ ያሉት አይጦች የተዋጣላቸው የምግብ ቤት ባለቤቶች ናቸው። ምግባቸው የሚጣፍጠው ከሰዎች ማድ ቤት በሌሊት እየገቡ ትኩስ ዕቃ ስለሚወስዱ ነው። ተፎካካሪዎቻቸው ደግሞ ይህን ምስጢር ለመስረቅ ይደክማሉ። ሌላው ያዘጋጀውን መውሰድ በፊልሙ ውስጥም ከፊልሙ ውጭም ጀግንነት ሆኖ ቀርቧል። ልጆቻችን በዚህ ፊት ቁጭ ብለው ነው የሚውሉት።

ይህ ንግድ የቆየ ነው። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1992 «አላዲን»ን ሲያወጣ፣ ጉድታይምስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያም በዚያው ስም የተሠራ ሌላ ርካሽ ካርቱን በቪዲዮ ካሴት ሸጧል። ዲዝኒ ማሸጊያው ከእኔ ጋር ይመሳሰላል ብሎ ከሰሰ። ሆኖም ተረቱ የማንም የግል ንብረት ስላልሆነ ኩባንያው መሸጡን ቀጠለ። እውነት ነው፤ የአላዲን ተረት የዲዝኒ አይደለም። ጋላን የተባለው ፈረንሳዊ ተርጓሚ እ.ኤ.አ. በ1709 ፓሪስ ውስጥ ከአንድ የሶርያ ሐለብ ሰው አፍ የሰማው ነው። እንዲያውም ትልቁ የዲዝኒ ፊልም ራሱ በመክፈቻ ዘፈኑ ዐረቦችን የሚያዋርድ ስንኝ ስለነበረበት በአሜሪካ የሚኖሩ ዐረቦች ተቃውመው፣ በ1993 ለቪዲዮ ሲወጣ ስንኙ እንዲቀየር ሆኗል። ይህን የምላችሁ «ዋናው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፣ ርካሹ ሁልጊዜ ቆሻሻ ነው» ብላችሁ እንዳትረዱኝ ነው። በሥዕልና በፊልም ሑክም ላይም ዑለሞች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ የዛሬው ንግግራችን እዚያ ውስጥ አይገባም።

ጥፋቱ ርካሽነቱም አይደለም። በአገራችን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘውን የልጆች ፕሮግራም ታስታውሳላችሁ። አንዲት የአዲስ አበባ አስተማሪና ባለቤቷ በጥቂት ገንዘብ በቤታቸው ጀምረውት እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ፀሐይ የምትባለው ቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። ፕሮግራሙ በ2008 ጃፓን ውስጥ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ግን የሌላ ሰው ስም አልለበሱም። ልጆቹም የተነገራቸውን አገኙ። ድሃ መሆን ነውር አይደለም። ነውሩ ሌላውን መስሎ መሸጥ ነው።

ይህን ነገር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የእህል ክምር አስተምረውናል። ኢማሙ ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ ጣቶቻቸውን እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት ዝናብ እንዳገኘው ተናገረ። ታዲያ ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብርም ከእርሳቸው እንዳልሆነ አስታወቁ። ልብ በሉ፤ ዝናብ የመታው እህል አትሽጥ አላሉትም። እርጥቡን ከላይ አድርገው፣ ገዢው አውቆ ይግዛ ነው ያሉት። የፊልም ነጋዴ ወንድሜ ሆይ፣ «ይህ ያ የታወቀው ፊልም አይደለም፤ እሱን መስሎ የተሠራ ነው» ብለህ በልኩ ዋጋ ብትሸጠው እርጥቡን ከላይ አደረግህ ማለት ነው። ዝም ካልክ ግን ሸፍነኸዋል።

ሌላም አለ። በየሱቁ ይገለበጥ የነበረው ሲዲ፣ ዋናውም ይሁን አስመሳዩ፣ አብዛኛው ባለመብቱ ሳይፈቅድ የሚባዛ ነበር። ይህን በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይከለክላል። በሸሪዓውም በኩል ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 በኩዌት ባደረገው ጉባኤ፣ የንግድ ስምና ምልክት እንዲሁም የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቁ እንደሆኑና ሊደፈሩ እንደማይገባ ወስኗል። ስለዚህ የሌላውን ስም መምሰልም፣ የሌላውን ሥራ ሳያስፈቅዱ መገልበጥም «ካርቱን ነው፣ ምን አለበት» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ያ ወንድማችን በሱቁ ተታሏል። እስከዚህ ድረስ ተበዳይ ነው። «ያው ነው» ያለ ጊዜ ግን የተቀበለውን እርጥብ እህል መልሶ ለልጁ ሰፈረለት። ልጁ የሐፈዘው ጁዝእ ውስጥ ሱረቱል ሙጠፊፊን እንዳለች አስቡ። ስፍርና ሚዛን የሚያጎድሉትን፣ ለራሳቸው ሲቀበሉ ሞልተው ለሌላው ሲሰጡ የሚቀንሱትን የምታስጠነቅቅ ሱራ ናት። ልጁ እሷን በቃሉ ይዞ ነው የጎደለ ስፍር የተቀበለው።

«ከሕፃን ጋር ምን ችግር አለው?» እንዳንል አቡ ዳውድ የዘገቡት የዐብደላህ ኢብኑ ዓሚር ሐዲስ አለ። ትንሽ ልጅ ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ተቀምጠው እናቱ «ና፣ እሰጥሃለሁ» ብላ ትጠራዋለች። ነቢዩ ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት። ተምር እንደሆነ ነገረቻቸው። ምንም ባትሰጠው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍባት እንደነበር አሳወቋት። ሱብሐነላህ! ለአንዲት የተምር ፍሬ ይህ ከተባለ፣ ሠላሳ ሰባት ሱራ ለሐፈዘ ልጅ ለተገባ ቃል ምን ይባል ይሆን?

ዛሬ ጊዜው ተለውጧል። ሲዲው ቀርቶ ሚሞሪ ካርድ ሆኗል። ወላጅ «የልጆች ጫንልኝ» ብሎ ሚሞሪውን ለባለ ሱቁ ይሰጣል፤ ብዙ ፊልም ተጭኖ ይመለሳል። ሽፋን የለ፣ የሠሪው ስም የለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዩቲዩብ ላይ ልጆች የሚያውቋቸውን የካርቱን ገጸ ባሕርያት የሚመስሉ፣ ውስጣቸው ግን አስፈሪና አስነዋሪ የሆኑ ቪዲዮዎች በብዛት እንዳሉ ተጋልጦ፣ ኩባንያው ብዙዎቹን አስወግዷል። ያን ጊዜ አስመሳዩ ካርቱን ልጁን አሰልችቶት ነበር የሚያልፈው፤ ዛሬ ሊያስደነግጠውና ሊያበላሸውም ይችላል። በኮምፒዩተር ፈጥኖ የሚፈበረከው ሲበዛ ደግሞ ጆንያው አፉ ድረስ በገለባ እየተሞላ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ለሰሊጥ የምናደርገውን ለልጃችን እናድርግ። ሽፋኑን ብቻ አይተን አንግዛ። ከመሃል እንውጋው፤ ልጁ ሳያይ እኛ ከመካከሉ ጥቂት ደቂቃ እንመልከት። ሁለተኛ፣ የሠሪውን ስምና የወጣበትን ዓመት እንፈልግ። ልጁንም እንጠይቀው፤ በዚህ ነገር ከኛ ይልቅ አዋቂው እሱ ነው። ሦስተኛ፣ ማሟላት የማንችለውን ቃል አንግባ። አራተኛ፣ ከተታለልን «ተታለልኩ» እንበል። ልጅ የተታለለ አባትን ይረዳል፤ የሚያታልል አባትን ግን ይማረዋል።

ያ ወንድማችንም ይህንኑ አደረገ። የጎረቤት ልጆች ባሉበት ልጁን ጠርቶ «ልጄ፣ ያ ፊልም እሱ አልነበረም። እኔን ሸወዱኝ፤ እኔ ደግሞ አንተን ያው ነው ብዬ ዋሸሁህ። ዐፉ በለኝ» አለው። ልጁ «እሺ አባዬ» አለ። በፊልሙ ፋንታ ምን እንደሚፈልግ ሲጠይቀው፣ አንድ ቀን መጋዘን አብሮት ሄዶ ጆንያውን ራሱ በብረቱ መውጋት እንደሚፈልግ ነገረው። ወሰደውና ወጋ።

አላህ (ሱ.ወ) በቤታችንም በገበያችንም ሚዛናችንን ያቃናልን። ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ፣ እኛንም ለአማናቸው ታማኞች ያድርገን። ኣሚን።