ዝም የሚለው ጉበት፦ ሐኪሞች ስለ ጉበት ስብ ምን እናውቃለን? ምንስ እናደርጋለን?



ንግግሬን የምጀምረው በራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት የአልትራሳውንድ ውጤት ይዘው ወደ እኔ መጡ። ወረቀቱ ላይ ጉበታቸው መጠነኛ ስብ እንዳለበት የሚገልጽ አንድ መስመር ሰፍሯል። አነበብኩትና «አይዞዎት፣ ይህ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው» አልኳቸው፤ ከዚያም ስለ ስኳራቸው መነጋገራችንን ቀጠልን። ዓመታት አልፈው ሲመለሱ ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ፣ ጉበታቸውም በጠባሳ ተሞልቶ ነበር። «ዶክተር፣ ያን ጊዜ ታይቶ አልነበረም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አዎን፣ ታይቶ ነበር።

ለመሆኑ በሽታው ምንድን ነው? ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት የጉበት ሕዋሳት ስብ ሲያከማቹ ጉበቱ ስብ ይዟል እንላለን። በ1980 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪም የነበሩት ዩርገን ሉድቪግና ባልደረቦቻቸው፣ የ20 ሕሙማንን የጉበት ናሙና መርምረው የጠጪ ጉበት የሚመስል ጉዳት አገኙ፤ ሕሙማኑ ግን አልኮል አብዝተው የሚጠጡ አልነበሩም። ለሁኔታው ስም የሰጡት እነርሱ ናቸው። ዛሬ በዓለም ላይ ከአዋቂዎች 30 በመቶ ያህሉ፣ የ2ኛው ዓይነት ስኳር ካለባቸው ሰዎች ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገመታል። በአብዛኞቹ ላይ በሽታው ወደ ከባድ ደረጃ አይደርስም። በጥቂቶቹ ላይ ግን ስቡ ብግነትን፣ ብግነቱ ጠባሳን፣ ጠባሳውም ሲሮሲስን ወይም ካንሰርን ያስከትላል። ስለዚህ የሐኪሙ ዋና ሥራ ስብ መኖሩን መናገር ብቻ ሳይሆን፣ ከብዙዎቹ መካከል እነዚያን ጥቂቶች መለየት ነው።

በልዩ ልዩ አገሮች በሐኪሞች ላይ የተደረጉ የመጠይቅ ጥናቶች ተመሳሳይ ክፍተት ያሳያሉ። የበሽታውን ስም የማያውቅ ሐኪም ብዙም አይገኝም። ስርጭቱን አሳንሶ የሚገምት፣ የጠባሳውን ደረጃ የማይመዝን፣ ሕመምተኛውን ወደ ስፔሻሊስት የማይልክ ሐኪም ግን ብዙ ነው። ዕውቀት አለን፤ ዕውቀቱ ግን ካርዱ ላይ አይታይም። ለዚህ ምክንያት ናቸው የምላቸው ሦስት ግምቶች አሉ።

አንደኛው፣ የጉበት በሽታ ዓይንን ቢጫ ያደርጋል የሚለው ነው። ሕዝባችን የጉበት ሕመምን የሚያውቀው በ«ወፍ በሽታ» ስም ነው፤ እኛም ሳናስበው ቢጫውን እንጠብቃለን። ይህ በሽታ ግን ለብዙ ዓመታት ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ ቢጫው ከታየ ጊዜው ብዙውን ጊዜ መሽቷል።

ሁለተኛው፣ የጉበት በሽታ የጠጪዎችና የጮማ ቆራጮች ነው የሚለው ነው። «ጾመኛ ነኝ፣ ሥጋም እምብዛም አልቀምስም» የሚል ሕመምተኛ ሲመጣ ሐሳቡን ከአእምሯችን እናወጣለን። ነገር ግን ጉበት ከስኳርና ከሌላ የተረፈ ምግብ ራሱ ስብ ይሠራል። በየዕለቱ የሚጠጣ ለስላሳ መጠጥ ቅቤ የለበትም፤ የጉበት ስብን ግን ይጨምራል። በአንጻሩ «አልኮል ይጠጣሉ?» ብለን ስንጠይቅ «የለም» የሚሉን ሰዎች ጠላውንና ጠጁን ላይቆጥሩት ይችላሉ። ጥያቄያችን መጠጡን በስሙና በመጠኑ የሚጠራ ሊሆን ይገባል።

ሦስተኛው፣ የጉበት ኤንዛይም ልክ ከሆነ ጉበቱ ደኅና ነው የሚለው ነው። የእኒያን እናት የቀድሞ ካርድ አስወጥቼ ተመለከትኩ። ዕድሜ 55፣ ኤ.ኤስ.ቲ 38፣ ኤ.ኤል.ቲ 36፣ ፕላትሌት 180 ሺህ። አንዱም ቁጥር ከተለመደው ወሰን አልወጣም። አሁን ፊብ-4 የሚባለውን ስሌት እንሥራ። ዕድሜን በኤ.ኤስ.ቲ ስናባዛ 2,090 ይሆናል። ፕላትሌቱን፣ ማለትም 180ን፣ በኤ.ኤል.ቲ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ6፣ ስናባዛ 1,080 ይሆናል። የመጀመሪያውን በሁለተኛው ስናካፍል 1.94 እናገኛለን። ከ1.3 በታች ቢሆን ኖሮ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው እንል ነበር፤ ከ2.67 በላይ ቢሆን ደግሞ በብርቱ እንጠረጥር ነበር። 1.94 «ተጨማሪ ምርመራ ይደረግ» የሚል ውጤት ነው። ስሌቱ የሚጠይቀው ተራ የደም ምርመራና አንድ ደቂቃ ብቻ ነበር።

ይሁን እንጂ ቀመሩን በጭፍን እንድትከተሉ አልመክርም። ዕድሜያቸው ከ35 በታች በሆኑት ላይ አስተማማኝ አይደለም፤ ከ65 በላይ ለሆኑት ደግሞ የታችኛው ወሰን 2.0 ነው። በአገራችን ወባም ሆነ ጣፊያን ያሳበጠ ቢልሃርዚያ ፕላትሌትን ስለሚቀንስ ውጤቱን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ሄፓታይተስ ቢም በስፋት ስላለብን፣ ስብ ተገኘ ብሎ የቫይረሱን ምርመራ መተው ሌላ ስሕተት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ።

በ2023 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት የበሽታውን ስም ለውጦ ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር አያይዞታል። ከስቡ ጋር ከአምስቱ፣ ማለትም ከክብደት ወይም ከወገብ ስፋት፣ ከስኳር፣ ከደም ግፊት፣ ከትራይግሊሰራይድና ከኤች.ዲ.ኤል ኮሌስትሮል ችግሮች ቢያንስ አንዱ መኖር አለበት። የስሙ ለውጥ ለእኛ ትምህርት አለው። እነዚህን ሕሙማን በብዛት የሚገድላቸው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የጉበት ስፔሻሊስቱ ብቻ አይደለም፤ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል የሚያደርግ ሐኪም፣ ጤና መኮንንና ነርስ ሁሉ ድርሻ አላቸው።

ሕክምናውስ? በ2024 እ.ኤ.አ. ሬስሜቲሮም የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል፤ ነገር ግን ዋናው መሠረት አልተለወጠም። ከሰውነት ክብደት 5 በመቶ መቀነስ ስቡን ያሳንሳል፤ ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብግነቱን ሊያበርድ፣ 10 በመቶና ከዚያ በላይ መቀነስ ደግሞ ጠባሳውን ጭምር ሊያሻሽል ይችላል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 10 በመቶ ማለት 8 ኪሎ ነው። «ክብደት ይቀንሱ» ከማለት ይልቅ ቁጥሩን ቆጥረን ብንነግረው የበለጠ ይረዳናል።

ውድ ተማሪዎቼ፣ እኒያ እናት ከዚያ ጥያቄያቸው በኋላ ብዙ አልቆዩም። የነገርኳቸው ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ግን ከእኔ የሚጠበቀው ሁሉ አልነበረም። ነገ አንድ ሰው ያንን አንድ መስመር ይዞ ከፊታችሁ ሲቀመጥ «ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው» ከማለታችሁ በፊት አራቱን ቁጥሮች ፈልጉ፤ ውጤቱንም ካርዱ ላይ ጻፉት። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሐኪም ያነበዋልና።