ከፍትፍቱ ፊቱ



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ ሥነ ጥበብን፣ ሲኒማን፣ ፍልስፍናንና መሣሪያን የሚነካ ነው። እነዚህ አራቱ በአንድነት ሲጠሩ ነገሩ የሊቃውንት ብቻ መስሎ ይታየናል። ነገር ግን ከሳሪስ አቦ ተነሥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚጓዝ ሰው፣ ልብ ብሎ ከተመለከተ፣ አራቱንም በአንድ ጧት ያገኛቸዋል።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ወር ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ሐዲድ ከቃሊቲ ተነሥቶ በአቦና በሳሪስ፣ በአደይ አበባና በንፋስ ስልክ በኩል ወደ መሐል ከተማ ይዘልቃል። ንፋስ ስልክ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ስልክ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ሽቦ ማለት ነው። እንግዲህ ሽቦ ሳይዘረጋ ድምፅ ከሩቅ አገር ሲደርስ፣ የአዲስ አበባ ሰው ነፋሱን ራሱን ሽቦ አደረገው። ይህ ስም ከማስተዋል የወጣ ስም ነው።

ሲኒማ ወደ ከተማችን በገባ ጊዜ ግን የተሰጠው ስም ሌላ ነበር። በጨለማ ቤት ውስጥ የሰው ምስል በግድግዳ ላይ ሲራመድ ያየ ሕዝብ፣ ይህ የሰው ሥራ አይደለም ብሎ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» አለው። ይህኛው ስም ከፍርሃት የወጣ ነው። ይሁን እንጂ በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ታየ፤ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይም የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኘ። አባቶች የፈሩት መሣሪያ ልጆች የራሳቸውን ታሪክ የሚናገሩበት አንደበት ሆነ። ከዚህ የምንረዳው፣ በመሣሪያው ውስጥ ሰይጣንም መልአክም አለመኖሩን ነው፤ ሥራው የሚጠየቀው ከያዘው ሰው ነው።

አድማጮቼ ሆይ፤ እኛስ ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችን ለተሰጠን መሣሪያ ምን ስም አወጣንለት? «ሲስተም የለም» የሚለውን አነጋገር የማያውቅ ባለጉዳይም ሆነ ሠራተኛ አይገኝም። እርግጥ ነው፤ መስመሩ ይቋረጣል፣ መብራት ይጠፋል፤ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ጸሐፊም በዚህ ጥፋተኛ አይደለም። ነገር ግን ቃሉን እንመርምረው። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሠሪ የለም፤ ተጠያቂም የለም። ሲስተሙ መቼ እንደሚመለስ፣ እስከዚያው በወረቀት ሊመዘገብ የሚችል ነገር ስለ መኖሩ፣ ባለጉዳዩ ነገ ይምጣ ወይም ይጠብቅ፣ አንዱም አልተነገረም። እነዚህ ደግሞ መሣሪያው ሳይሆን ሰው የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ናቸው። አባቶቻችን ያልገባቸውን ሥራ በሰይጣን ላይ እንደ ጣሉት ሁሉ፣ እኛም የራሳችንን ድርሻ በሲስተም ላይ የምንጥልበት ቀን አለ። የቤት ኪራይ ውሏን ለማስመዝገብ የዕለት ሥራዋን ትታ የመጣች እናት ግን ያን ቀን ያጣችው ከገቢዋ ላይ ነው።

ሥነ ጥበብ በዚህ ጉዳይ የሚመክረን ነገር አለ። ወር በገባ በ5ኛው ቀን ወደ አቦ የሚሄድ ሰው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ያውቀዋል። ጠጉራቸው ሰውነታቸውን እንደ ልብስ ሸፍኖት፣ አንበሶችና ነብሮች በግራ በቀኝ ቆመው፣ ወፏ ከዓይናቸው ዕንባ ስትጠጣ ይታያል። ጻድቁም በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ይመለከቱናል። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ሁለት ዓይኑን አሳይተው ሲሥሉ፣ ክፉውን ግን ከጎን፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይሥሉት ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ትልቅ ፍልስፍና አለ፤ ይኸውም ሰውን ፊት ለፊት ማየት የደግነት መጀመሪያ መሆኑ ነው።

አሁን አንድ መስኮት እናስብ። ጸሐፊው ዓይኑን በኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ ተክሎ ጣቱን ያንቀሳቅሳል፤ ባለጉዳዩም ከጎን ቆሞ አንድ ዓይኑን ብቻ ያያል። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ትጉህ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ሆኖም መሣሪያው የተቀመጠበት ቦታ የክፉውን አሣሣል አለበሰው።

«ሰልፉ ረጅም ነው፤ የእያንዳንዱን ፊት ስንመለከት ሥራው ይጓተታል» የሚለኝ ወዳጅ ይኖራል። ሌላውም፣ «መሣሪያው ዘመድ አያውቅም፤ ተራ ያስጠብቃል፤ ፋይልም እንደ ጥንቱ በቀላሉ አይጠፋም» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔም መሣሪያው ይቅር አልልም። ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣው «ዘመናዊው ዘመን» በተባለው ፊልሙ፣ ሠራተኛው ለምሳ ሥራ እንዳያቋርጥ የሚያጎርስ መኪና ተሠርቶ ሲሞከርበት፣ መኪናው ሲበላሽ ምግቡን በፊቱ ላይ ይደፋበታል። የሳቁ ምክንያት መኪናው መኖሩ አይደለም፤ ጉርሻ ፊት እንደሚያስፈልገው መዘንጋቱ ነው።

መሣሪያና ጥበብ ሊስማሙ እንደሚችሉ ደግሞ አፈወርቅ ተክሌ ምስክር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ዝንባሌያቸው ግን ወደ ሥዕል መራቸው። በአፍሪካ አዳራሽ ያሉት፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑት ሦስት የመስታወት መስኮቶቻቸው የአፍሪካን ያለፈ፣ ያኔ የነበረና የወደፊት ዘመን ያሳያሉ። መስታወቱን የሚያበጅ እጅና የሚያስብ ልብ ባይተባበሩ ኖሮ ያ ብርሃን አይገኝም ነበር።

ስለዚህ ከነገ ጧት ጀምሮ ሦስት ቀላል ነገሮችን እንሞክር። መጀመሪያ፣ ባለጉዳዩ ሲቀርብ ጣታችን ከመንቀሳቀሱ በፊት ቀና ብለን በሁለት ዓይናችን እንየው። ሁለተኛ፣ «ሲስተም የለም» ከማለት ይልቅ ምን እንደ ተቋረጠና መቼ ተመልሶ ቢጠይቅ እንደሚሻለው እንንገረው። ሦስተኛ፣ በወረቀት ሊጀመር የሚችለውን ሁሉ ተቀብለን ቁጥር እንስጠው። ለዚህ አዲስ በጀት አይጠየቅም፤ ከበላይም ትእዛዝ መጠበቅ አያሻም።

ፍትፍቱ ሳይደርስ ቢዘገይ እንኳ ፊቱን ለመስጠት የሚከለክለን ማንም የለም።

ደኅና ሁኑ።