ከደጅ ጥናት ወደ ባለመብትነት፦ ለአዲስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር



ስለ ምርምር ዘዴ እንድናገር የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። ያንን በሚገባ የሚያስተምሯችሁ መምህራን አሏችሁ። እኔ የመረጥሁት በየትኛውም ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ያልተጻፈ፣ ነገር ግን ብዙ ብርቱ ተማሪዎችን ከመንገድ ሲያስቀር ያየሁትን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ቢሮን፣ ደብዳቤን፣ ፊርማንና ማኅተምን።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው የሐረጎን ዳገት ይወጣል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኮምቦልቻ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ደሴ ሲወርድ ጃኬት ያምረዋል። ይህን ዳገት ለአንዲት ፊርማ የወጣ ተማሪ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል መልስ ቢገጥመው ቀኑ አለቀ። መልሱ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ተቋም ይሰማል። ጥያቄው ተማሪው ከመልሱ በኋላ ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ዲግሪ ይህን ጥያቄ እምብዛም አታውቁትም። የሚመድባችሁ ሚኒስቴር ነበር፤ መኝታ ክፍላችሁን ሌላ ሰው ወሰነ፤ የትምህርት ሰሌዳችሁን ሌላ ሰው ለጠፈ። ከመቶዎች ጋር አብራችሁ ስለምትጓዙ አንዱ የሰማውን ሁሉ ይሰማው ነበር። ድኅረ ምረቃ ግን የብቻ መንገድ ነው። ብሔራዊውን የመግቢያ ፈተና አልፋችሁ ከተመዘገባችሁበት ቀን ጀምሮ፣ አማካሪ እንዲመደብላችሁ፣ ርእሳችሁ እንዲጸድቅ፣ የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ እንዲሰጣችሁ፣ የመስክ ሥራ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጻፍላችሁ፣ በመጨረሻም ክሊራንስ እንድትጨርሱ፣ እያንዳንዱን እርምጃ የምትጀምሩት እናንተ ናችሁ። እናንተ ካላንቀሳቀሳችሁት የሚንቀሳቀስ ወረቀት የለም።

አንድ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጓዝ ላስረዳችሁ። ማመልከቻችሁ መዝገብ ቤት ሲገባ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። ከዚያ ለኃላፊው ይቀርባል፤ ኃላፊው በኅዳጉ ላይ አጭር ቃል ጽፎ ጉዳዩን ለሚመለከተው ባለሙያ ይመራዋል። ባለሙያው መልሱን ያረቅቃል፤ ረቂቁ ለፊርማ ይመለሳል፤ ከፊርማ በኋላ ማኅተምና ቲተር ያርፍበታል፤ የወጪ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ግልባጩም ለየክፍሉ ይላካል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ወረቀቱ የሚያርፍባቸው ቢያንስ አምስት ጠረጴዛዎች አሉ። ስለዚህ በየቀኑ መስኮት ላይ ቆማችሁ «አለቀልኝ?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ «ገና ነው» የሚል ነው። «ቁጥሩ ይህ ነው፤ በዚህ ቀን ገብቷል፤ ለማን ተመራ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን የምታገኙት የጠረጴዛ አድራሻ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ልመና ይመስላል፤ ሁለተኛው ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነው።

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመማር ስገባ፣ የመጀመሪያ ዲግሪዬ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እስኪመጣ ምዝገባዬ ታገደ። እንደምታውቁት ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በተማሪ እጅ አይሄድም፤ በታሸገ ፖስታ ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር ይላካል። ላኪው «ልኬያለሁ» ይላል፤ ተቀባዩ «አልደረሰኝም» ይላል፤ ተማሪው በመካከል ይቆማል። እኔም ስምንት ሳምንት ያህል ቆምሁ። አንድ ቀን በመዝገብ ቤት የሚሠሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ የተላከበት ቁጥርና ቀን ስንት ነው?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። በአውቶቡስ ሄጄ ከላኪው ቁጥሩን ይዤ ተመለስሁ። በዐሥር ደቂቃ ውስጥ አገኙት፤ የእኔና የአባቴ ስም ባለው፣ በአያት ስም ብቻ በሚለየኝ በሌላ ተማሪ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በዚህ መካከል የምዝገባው ጊዜ አልፎ አንድ መንፈቀ ዓመት ከሰርሁ።

ማንም ክፉ አልሠራብኝም። ፋይሌን ያሳሳተው የሁለት ሰዎች ስም መመሳሰል ነው፤ ጊዜዬን የበላው ግን ቁጥር መጠየቅ አለማወቄ ነው። ስለዚህ በማንኛውም ማመልከቻ ላይ ስማችሁን እስከ አያት፣ ከመታወቂያ ቁጥራችሁ ጋር ጻፉ። ስማችሁ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በዲግሪያችሁ፣ በትራንስክሪፕታችሁና በፓስፖርታችሁ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ዛሬውኑ አመሳክሩ። አንዲት ፊደል ብትለያይ፣ ዛሬ በአንድ ደብዳቤ የሚታረመው ነገ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ስታመለክቱ የወራት ጣጣ ይሆናል።

ስለ ታሪካችን ጥቂት ልበል። ደሴ የንጉሥ ሚካኤል መናገሻ በነበረችበት ዘመን ጉዳይ ያለው ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ደጅ መጥናት በራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ባለጉዳዩ መታየት፣ መታገሥና መታወቅ ነበረበት፤ ምክንያቱም ውሳኔው ከጌታው ፈቃድ የሚመነጭ ነው። ዛሬም «ደጅ እየጠናሁ ነው» እንላለን። ቃሉ ብቻ ሳይሆን ልማዱም በውስጣችን ቀርቷል፤ መስኮት ላይ ስንቆም አንገታችንን እንሰብራለን፤ የሚያውቀን ሰው እንፈልጋለን።

ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ሊቅ ማክስ ቬበር፣ ከሞተ በኋላ በ1922 እ.ኤ.አ. በታተመው «ኢኮኖሚና ማኅበረሰብ» በተሰኘው ሥራው፣ የዘመናዊ ቢሮ መሠረቱ የተጻፈ ሰነድና የታወቀ ደንብ መሆኑን አስረድቷል። ሹሙ ቢለወጥ ፋይሉ ይቀራል። እኛ ቢሮውን ተቀብለናል፤ በቢሮው ፊት የምንቆምበት አቋም ግን ገና ከአደባባዩ አልወጣም። ሕጋችን ከልማዳችን ቀድሞ ሄዷል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍ እንዲሆንና ምክንያቱ እንዲገለጽ ይጠይቃል፤ ውሳኔውም በፍርድ ቤት ሊከለስ እንደሚችል ይደነግጋል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አለ፤ ከእርሱም በታች የየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ አለ። ይህን የመጨረሻውን ሳታነቡ አንድ መንፈቀ ዓመት አትጨርሱ። የትምህርት ጊዜያችሁ እስከ ስንት ዓመት እንደሚራዘም፣ ትምህርት ለማቋረጥ መቼና ለማን ማመልከት እንዳለባችሁ፣ ከአማካሪያችሁ ጋር ባትስማሙ ጉዳዩ ወዴት እንደሚሄድ የተጻፈው እዚያ ነው። ሳያሳውቅ የቀረ ተማሪና በደብዳቤ አቋርጦ የሄደ ተማሪ ሲመለሱ በአንድ ዓይን አይታዩም።

አሁን ደግሞ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ፣ ከውስጥ በኩል የሆነውን ልናገር፤ ይህ ከራሴ ታሪክ ሁሉ የሚከብደኝ ነው። ከዓመታት በፊት ሳገለግል በነበረበት ተቋም የትምህርት ክፍሉን የድኅረ ምረቃ ኮሚቴ እመራ ነበር። አንዲት መምህርት ከወረዳዋ የሁለት ዓመት የትምህርት ፈቃድ አግኝታ ትማር ነበር። የምርምር ርእሷን ለማሻሻል ያቀረበችውን ማመልከቻ በመዝገብ ቤት በኩል ማስገባቱ ድፍረት መስሏት ይሆናል፣ በእጄ ሰጠችኝ። በጥሞና ላነበው ብዬ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥሁት። የፈተና ወረቀት ከላዩ ተከመረበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሬን አንኳኳች፤ ሰው ከብቦኝ ስታየኝ «ዶክተር፣ ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። በአምስተኛው ሳምንት ወረቀቱን ሳገኘው የመኸር አዝመራ ተሰብስቦ ነበር። መረጃዋን የምትሰበስበው ደግሞ ከአርሶ አደሮች በአጨዳ ወቅት ነበር። የሚቀጥለውን መኸር መጠበቅ ግድ ሆነባት፤ ፈቃዷም አለቀ፤ እያስተማረች በዓመት ዘግይታ ተመረቀች። ይቅርታ ስጠይቃት «ምንም አይደለም» አለችኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያ ማመልከቻ ቁጥር ቢኖረው ኖሮ መዝገብ ቤት ይጠይቀኝ ነበር፤ ኮሚቴው ይጠይቀኝ ነበር። በእጅ የተሰጠኝ ወረቀት ግን ከእኔ ትውስታ በቀር ጠያቂ አልነበረውም። ስለዚህ ለምታከብሩትና ለሚወዳችሁ መምህር እንኳ ቢሆን ማመልከቻችሁን በመዝገብ ቤት አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ሄዳችሁ በቃል ንገሩት። ይህ መምህሩን መናቅ አይደለም፤ ከመርሳት መጠበቅ ነው። የቃል ስምምነትም ቢሆን፣ ከአማካሪያችሁ ጋር ስትለያዩ በዚያው ቀን «በዛሬው ውይይታችን በዚህና በዚህ ተስማምተናል» የሚል አጭር ኢሜይል ላኩ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

የጽሑፍን ዋጋ እኛ የወሎ ሰዎች በመራራ መንገድ ተምረነዋል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዘርፈዋል፤ ብዙ ንብረት ወድሟል። አንድ ኮምፒውተር ሲወሰድ የሚጠፋው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ በውስጡ የነበረ ውጤት፣ ቃለ ጉባኤና ያልታተመ ምርምርም አብሮ ይሄዳል። ተቋም የሚያስታውሰው በሰነዱ ነው፤ ሰነዱ ሲጠፋ ተማሪው በእጁ ያለው ቅጂ የተቋሙም ትውስታ ይሆናል። እንግዲህ የራሳችሁ ፋይል ይኑራችሁ፤ የተቀበላችሁትንና የሰጣችሁትን ደብዳቤ ሁሉ፣ የክፍያ ደረሰኞችን፣ የጸደቀ ፕሮፖዛላችሁን፣ የመስክ መረጃችሁን ይያዝ። አንዱን ቅጂ በወረቀት፣ አንዱን ከግቢ ውጭ በሚቀመጥ ፍላሽ፣ አንዱን በኢሜይላችሁ አኑሩ።

ለእናንተ ለባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። ተማሪ አንገቱን ሰብሮ እንዲቆም የሚያስተምረው የእኛ «ነገ ና» ነው። ነገ የማይሆን ከሆነ የሚሆንበትን ቀን እንንገረው። እምቢ የምንል ከሆነ ምክንያቱን ጽፈን እንስጠው። ማመልከቻ በእጅ ሲሰጠን ተቀብለን ከመሳቢያ ከመክተት፣ ወደ መዝገብ ቤት የሚወስደውን በር እናሳየው። ደግነታችን የአሠራር ምትክ ሊሆን አይችልም፤ እኔ ለዚያች መምህርት ደግ ነበርሁ።

በዚህች ከተማ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ዛሬም አለ። ስሙ አይጠየፍ ነው። እዚያ የገባ ሰው ዘሩ፣ ማዕረጉና ልብሱ ሳይለይ ይስተናገድ ነበር ይባላል። ከደጅ ጥናቱ ይልቅ ይህን ስም ብንወርስ እወዳለሁ። እናንተም ነገ ዲግሪያችሁን ይዛችሁ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ፤ በመስኮቱ ወዲህ ማዶ የቆመ ሰው ቁጥር ባያውቅ እንኳ ቁጥሩን ፈልጋችሁ የምትሰጡት እናንተ ትሆናላችሁ። እኔን ከጭንቀቴ ያወጡኝ እናት ያደረጉት ይህንኑ ነው።

መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንላችሁ።