ውኃ በአዲስ አበባ በስንት ዲግሪ ይፈላል?



በአዲስ አበባ የሚማር አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ድስት ውኃ ጥዶ፣ ቴርሞሜትር አስገብቶ፣ ውኃው ሲንተከተክ መሣሪያው የሚያሳየውን ቁጥር መዝግብ ቢባል፣ በዓይኑ የሚያየው 92 ገደማ ነው። በደብተሩ የሚያሰፍረው ግን ብዙውን ጊዜ 100 ነው። መጽሐፉ 100 ይላል፤ መምህሩም 100 ብለው አስተምረዋል፤ ፈተናውም የሚጠብቀው 100 ነው። ስለዚህ ተማሪው ወይ ቴርሞሜትሩን ይጠረጥራል፣ ወይ ዓይኑን ይጠረጥራል፣ አለዚያም አንዱንም ሳይጠረጥር ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር ያስማማል። የዚህ ንግግር መነሻ ይህች የ8 ዲግሪ ልዩነት ናት።

ፊዚክስን ከዕለት ተዕለት ኑሮ ጋር እያዛመዱ ማስተማር እንደሚገባ በየጊዜው የሚነገር ነው፤ የሚቃወመውም የለም። ይሁን እንጂ ይህ ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ደረቁን ትምህርት እንደሚያጣፍጥ ቅመም ተቆጥሮ ነው። መምህሩ ቀመሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከጻፉ በኋላ ጀበናውን ወይም ባልዲውን በምሳሌነት ያነሡና ያልፉታል። እንዲህ ሲሆን ምሳሌው መጽሐፉን ከማጽደቅ በቀር ሌላ ሥራ አይኖረውም። ጀበናውም ድስቱም የሚጠቅሙት መጽሐፉ ያላሰበውን ሲመልሱ ነው፤ የፈላ ውኃ ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋ ይህንኑ ያደርጋል።

መጽሐፉ አልዋሸም። ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ያለውን ያህል፣ ማለትም 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን ነው። ውኃ ፈላ የሚባለው በውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን የአየር ግፊት ተቋቁሞ አረፋ መሥራት ሲችል ነውና፣ ጫናው ሲቀንስ መፍላቱም ይቀድማል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በጠቅላላው በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍላቱ ነጥብ በ1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ በራስ ዳሸን አናት ላይ 85 አካባቢ ይደርሳል፤ ከባሕር ወለል በታች በሚገኘው በዳሎል ደግሞ ከ100 በጥቂቱ ያልፋል። በስማቸው የሙቀት መለኪያው የሚጠራው ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሲየስ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1742 መለኪያቸውን ሲያቀርቡ የመፍላት ነጥብ ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ ገልጸው ነበር። ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ የቀረው ይህ ማሳሰቢያ ነው።

እንግዲህ መምህሩ ይህን ሁሉ አስቀድመው ቢናገሩ ሙከራው ሞተ ማለት ነው። ይልቁንም 92 በሰሌዳው ላይ ይጻፍና ተማሪዎቹ ምክንያቱን ይፈልጉ። አንዱ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ይላል። መልካም፤ መሣሪያው በሚቀልጥ በረዶ ይፈተን። በክረምት በረዶ ሲጥል ከግቢው መሰብሰብ ይቻላል፤ ተደቅቆ ከጥቂት ውኃ ጋር ሲቀላቀል ቴርሞሜትሩ 0 ወይም ለ0 የቀረበ ቁጥር ካሳየ በዚያ በኩል ጥርጣሬው ይቀልላል። ሌላው «የቧንቧ ውኃ ንጹሕ ስላልሆነ ነው» ይላል። ለዚህም ጨው ይጨመርበት፤ በውኃ ውስጥ የሟሟ ጨው የመፍላትን ነጥብ ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ አያደርግም። ሦስተኛው «እሳቱ ስላነሰ ነው» ባይ ነው። እሳቱን ይጨምሩ፤ ውኃው በኃይል ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ይበዛል፣ ቴርሞሜትሩ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያሻል፤ ከዚህ ሁሉ ለቤት የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነውና። ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ የሚጨመረው እንጨትም ሆነ ከሰል ውኃውን ወደ እንፋሎት ከመለወጥ በስተቀር ምግቡን በፍጥነት አያበስለውም። ንፍሮው ቀስ ብሎ በሚፈላ ውኃም ሆነ በኃይል በሚንተከተክ ውኃ ውስጥ የሚያገኘው ሙቀት ያው 92 ዲግሪ ነው። ከቆላ ወደ ደጋ የመጣች ባለሙያ ባቄላዋና ሽምብራዋ በዘገየባት ቁጥር እሳቱን ብታነድ የሚያልቀው ማገዶዋ ነው። በክዳኑ ላይ የሚጫነው ድንጋይስ? ይህም በስሌት ሊታይ ይችላል። 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድንጋይ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ክዳን ላይ ቢቀመጥ የሚጨምረው ግፊት ከ1 ኪሎ ፓስካል ያነሰ ነው፤ በሙቀት ሲተመን ከሩብ ዲግሪ አይበልጥም። የድንጋዩ ጥቅም እንፋሎቱና ሙቀቱ እንዳያመልጥ ክዳኑን ማጥበቁ ነው። ክዳኑ የሚቆለፈውና በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት ግን ከውጭው አየር በላይ 100 ኪሎ ፓስካል ሲጨምር በአዲስ አበባ ውኃውን ወደ 116 ዲግሪ ያደርሰዋል። ይኸው ድስት በባሕር ዳርቻ ከተማ 120 ያደርሰው ነበር።

ጀበናም የራሱ ትምህርት አለው። በሰፊው ሆድ ውስጥ የሚፈጠሩት አረፋዎች ይዘታቸው ጥቂት ቢሆንም ቡናውን ወደ ጠባቡ አንገት ሲገፉት ከፍታው በድንገት ይጨምራል፤ ስለዚህ ይገነፍላል። አፍልታ የምታቀርበው ሴት ጥቂት ቀድታ መልሳ ስትጨምር የአንገቱን ቡና ማቀዝቀዟ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው ግን ያለ እሳት የሚታየው መፍላት ነው። መርፌ የሌለው አንድ ትልቅ ሲሪንጅ ይወሰድ። እጅ እንዳያቃጥል ተጠንቅቆ በሩብ ያህል ሙቅ ውኃ ይሞላ፤ አየሩ ወጥቶ ጫፉ በጣት ይደፈን፤ ከዚያ ዘንጉ ወደ ኋላ በኃይል ይሳብ። ውኃው በተማሪው እጅ ውስጥ ይንተከተካል። ዘንጉ ሲለቀቅ ጸጥ ይላል። ለዚህ ሙከራ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ስድሳ ተማሪ በሚማርበት ክፍልም ሊደረግ የሚችል ነው።

የዚህ ማኅበር አባላት ይህን ክስተት በሌላ ስሙ ያውቁታል። የሲሪንጁ ውኃ በጣት ሥር ያደረገውን፣ የጉድጓድ ውኃ በፓምፕ መሳቢያ ቧንቧ ውስጥ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1638 በታተመው መጽሐፋቸው ጋሊሌዮ ጋሊሊ መሳቢያ ፓምፕ ውኃን ከ10 ሜትር ያህል በላይ ሊያወጣ እንደማይችል ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1643 ቶሪቼሊ በሜርኩሪ ቱቦ ምክንያቱን ገለጡት፤ ውኃውን የሚያወጣው የፓምፑ መሳብ ሳይሆን የውጭው አየር ጫና ነው። እ.ኤ.አ. በ1648 ደግሞ ፔርዬ በሚስታቸው ወንድም በፓስካል ጥያቄ ፒዩ ደ ዶም የተባለውን ተራራ ወጥተው የሜርኩሪው ከፍታ ከግርጌ ወደ አናት ሲኬድ እንደሚቀንስ አረጋገጡ።

በ76 ኪሎ ፓስካል ግፊት የ10 ሜትሩ ወሰን ወደ 7.7 ሜትር ይወርዳል። የውኃው እንፋሎት፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው ሰበቃና ፓምፑ ራሱ የሚፈልገው ትርፍ ሲቀነሱለት፣ በተግባር የሚቀረው 5 ሜትር ገደማ ነው። በባሕር ወለል ለሚሠሩ ኢንጂነሮች የተዘጋጀ የመመሪያ ሠንጠረዥ ግን 7 ሜትር ሊፈቅድ ይችላል። ሠንጠረዡን አምኖ ፓምፑን ከውኃው በላይ 6 ሜትር ተኩል ላይ የሚተክል ባለሙያ፣ ፓምፑ ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ ሲንኳኳና ውኃው ሲቆራረጥ ይሰማል። ፓምፑን ፈትቶ ጎማውንና ማጣበቂያውን ይለውጣል፤ ዕቃው ጥራት የለውም ብሎም ያማርራል። ቀዝቃዛው ውኃ በቧንቧው ውስጥ እየፈላ መሆኑ ላይታሰበው ይችላል። የናፍጣ ጀነሬተርም አየሩ በሳሳበት ደጋ በሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን ጉልበት አይሰጥም፤ የአዲስ አበባ አየር ጥግግት ከባሕር ወለሉ አምስት እጅ አራቱ ያህል ብቻ ነው።

ይህ ባለሙያ ትምህርት የጎደለው ሰው አይደለም። የመፍላትን ነጥብ ቢጠየቅ 100 ብሎ መልሶ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ነው። ከዓመታት በፊት 92 አይቶ 100 ሲጽፍ የተማረው አንድ ነገር ነበር፤ መሣሪያውና መጽሐፉ ሲለያዩ መሣሪያው ይታረም የሚል። ይህን ያስተማረው ማንም በግልጽ አልተናገረም፤ ውጤት የሚሰጠው እርማት ግን ነግሮታል። ስለዚህ በሙከራ ትምህርት ረገድ ከሁሉ አስቀድሞ ሊለወጥ የሚገባው የእርማቱ አሰጣጥ ነው። 92 ብሎ የጻፈው ተማሪ ሙሉ ነጥብ ይሰጠው፤ 100 ብሎ የጻፈው ግን ቴርሞሜትሩን ይዞ ወደ ድስቱ ይመለስ። መምህራን ይህን ለማድረግ ቢፈልጉ የፈተናው ወረቀት ሊያግዳቸው ይችላልና፣ ፈተና አዘጋጆች «በባሕር ወለል» የምትለዋን ሐረግ በጥያቄው ላይ ቢጨምሩ ወጪ የለውም።

ማኅበሩም የራሱ ድርሻ አለው። አባላቱ በየክፍላተ ሀገሩ ተበትነው ይሠራሉ፤ አብዛኞቹም ትምህርት ቤት ከሚገኝበት ሩቅ አይደሉም። ለሥራው የሚያስፈልገው እስከ 110 ዲግሪ የሚለካ ቴርሞሜትር፣ ድስት፣ ምድጃና ጥቂት ሲሪንጅ ነው። ቢሰበር መርዙ እንዳይበተን የሜርኩሪው ሳይሆን ባለ ቀይ ፈሳሹ ቴርሞሜትር ይመረጥ፤ ድስቱም ተማሪ በማይጋፋበት ስፍራ ይጣድ። በአዲስ አበባ ያሉት ከለገሃር ተነሥተው እንጦጦ ማርያም ድረስ ምድጃቸውን ይዘው ቢወጡ የ2 ዲግሪ ያህል ልዩነት በአንድ ቀን ሊያገኙ ይችላሉ። የየከተማው ትምህርት ቤት የለካው ቁጥር ሳይታረም ተሰብስቦ ከከፍታው ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ቢወጣ ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔት የሚበቃ ጽሑፍ ይሆናል። የድሬዳዋው 96 አካባቢ፣ የባሕር ዳሩ 94፣ የደብረ ብርሃኑ ከ91 በታች ሊሆን ይገባል፤ ይህን ግን ለተማሪዎቹ አስቀድሞ መንገር አያስፈልግም።